በሕግ የማይፈታውን ሒሳብ በመፈተንና በማጥበብ ስለ መፍታት

የሒሳብ ትምህርት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ሕጉን ተከትሎ አንድ ጊዜ በመሥራት ከመልሱ የሚያደርስ ነው፤ ሁለተኛው ግን መልሱን አስቀድሞ በግምት አስቀምጦ፥ ግምቱን በሥራ እየፈተኑና ስሕተቱን እየለኩ ወደ እውነተኛው የሚቀርቡበት ነው። በትምህርት ቤት ዘወትር የሚመሰገነው የፊተኛው ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ሕጉን የማያውቅ ሰው ሥራ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን ሕግ ያልተገኘላቸውና ሊገኝላቸውም የማይቻል ብዙ ጥያቄዎች ስላሉ፥ ሁለተኛውን መንገድ ያልተማረ ሰው በእነዚህ ፊት እጁን አጣጥፎ መቆሙ ነው።

የፊተኛው መንገድ ምሳሌ ለቤተ ክህነት ተማሪ ሩቅ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ እንዲህ ያለ ነው። የ2017 ዓመተ ምሕረትን አበቅቴና መጥቅዕ ለማግኘት 5500 ዓመተ ኵነኔን ከ2017 ጋራ ቢደምሩ 7517 ይሆናል። ይህንም ለ19 ቢገድፉት 12 ይተርፋል፤ አንድ ስለ ዘመኑ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ሲባዛ 121፥ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፤ 11 በ19 ሲባዛ 209፥ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መምላታቸው ሥራው የቀና መሆኑን ይመሰክራል። በዚህ ውስጥ ግምት የሚባል ነገር የለም፤ ሕጉን የያዘ ሁሉ አንድ መልስ ያገኛል።

ሆኖም ይህ የተመሰገነ ሕግ ራሱ በመቅረብ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ልብ ይሏል። የፀሐይ ዓመትና የጨረቃ ወር ፍጹም አይገጣጠሙም። 19 የፀሐይ ዓመት፥ ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ሲሆን፥ 6939 ቀን ከሦስት ሩብ ነው፤ 235 የጨረቃ ወር ደግሞ 6939 ቀን ከመቶ 69 እጅ ያህል ነው። ልዩነቱ በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፥ የቀደሙት ሊቃውንት ይበቃል ብለው ዐውደ ቀመርን በዚሁ አቆሙት። ምን ያህል መቅረብ እንደሚበቃ ማወቅ የሒሳብ ዐዋቂ ሥራ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

አሁን ሕግ ወደማይገኝበት እንለፍ። ግራውና ቀኙ እንደ ሚዛን የተስተካከለ፥ በውስጡም ያልታወቀ ቍጥር ያለበት ሒሳብ እኩልታ ይባላል። ያልታወቀው ቍጥር በራሱ ሳይባዛ ብቻውን የቆመ እንደ ሆነ እኩልታው በማካፈል ይፈታል። አንድ ጊዜ በራሱ የተባዛበትን፥ ማለት ሁለተኛውን ደረጃ፥ በባግዳድ የነበረው ሊቅ አል ኽዋሪዝሚ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ820 ገደማ በጻፈው መጽሐፍ ሥርዐቱን አስተማረ፤ አልጀብራ የሚባለውም ስም ከዚሁ መጽሐፍ ስም የወጣ ነው። የሦስተኛውና የአራተኛው ደረጃ ሕጎች በ1545 በኢጣልያዊው በካርዳኖ መጽሐፍ ታትመው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሊቃውንቱ ለአምስተኛው ደረጃ ሕግ ለማግኘት ከ250 ዓመት በላይ ደከሙ። ኢጣልያዊው ሩፊኒ በ1799 እንዲህ ያለ ሕግ እንደሌለ የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ፤ ማስረጃው ግን ጐደሎ ነበረበት። በ1824 ኒልስ አቤል የሚባል ወጣት የኖርዌይ ሰው ነገሩን ፈጽሞ አስረዳ። ድኻ ስለ ነበረ በገዛ ገንዘቡ ሲያሳትም፥ የማተሚያው ዋጋ እንዲቀልለት ማስረጃውን በ6 ገጽ ብቻ አሳጠረው፤ ስለዚህም ያነበቡት ጥቂቶች ሆኑ። አቤል በ1829 በ26 ዓመቱ ሞተ።

አቤል ያስረዳው እንዲህ ነው፤ በመደመር፥ በመቀነስ፥ በማባዛት፥ በማካፈልና ሥር በማውጣት ብቻ ለአምስተኛው ደረጃ እኩልታ ሁሉ የሚሆን አንድ ሕግ የለም። ይህ ማለት እኩልታው መልስ የለውም ማለት አይደለም። መልስ የለውም ማለት ሌላ፥ መልሱ በሕግ አይወጣም ማለት ሌላ ነው። በዛሬ ዘመን ያልታወቀውን ቍጥር በፊደልነቱ ይዘው የሚያሰሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሉ። ለእነዚህ የአምስተኛ ደረጃ እኩልታ ሲሰጣቸው ብዙ ጊዜ ያንኑ እኩልታ ሳይፈቱ ይመልሱታል። ተማሪው መኪናው ተበላሸ ብሎ ያስባል፤ መኪናው ግን የአቤልን ቃል መናገሩ ነው። ያን ጊዜ የሚደረገው ፕሮግራሙን ፊደሉን ተወውና በቍጥር ፈልግልኝ ብሎ ማዘዝ ነው። መኪናው የሚፈልግበትም መንገድ ከዚህ በታች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሚጻፈው ጋራ በመሠረቱ አንድ ነው፤ የሚለየው በፍጥነቱ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ሊቃውንት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የአምስተኛው ደረጃ እኩልታ በቦንጋ ገበያ ከቡና ሻጩ ኪስ ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ይወቅ። ቦንጋ የከፋ ዞን መቀመጫ ናት፤ የአገሩም ሰው ከሚተዳደርባቸው ነገሮች ዋነኞቹ ቡናና ማር ናቸው። ቡናው ለቅሞና አድርቆ እስኪሸጥ ድረስ ገንዘብ አይገኝም፤ የልጆች ደብተርና ልብስ ግን በመስከረም ይፈለጋል። ስለዚህ አንድ ገበሬ መስከረም 1 ቀን 1000 ብር ተበደረ እንበል። አበዳሪው እንዲህ ይለዋል፤ «ወለዱ በወር ከመቶ 1 ብቻ ነው። በ5 ወር 50 ብር ይሆናል። ዋናውና ወለዱ 1050 ነው። ይህ ለ5 ሲካፈል 210 ስለ ሆነ፥ ጥቅምት 1፥ ኅዳር 1፥ ታኅሣሥ 1፥ ጥር 1 እና የካቲት 1 ቀን 210 ብር ትከፍላለህ።» ገበሬው ነገሩ ቀና መስሎት ይፈርማል። በወር 1 ማለት በዓመት 12 ነው፤ በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣውም የፍትሐ ብሔር ሕግ ተበዳሪና አበዳሪ በውል የሚቈርጡት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ ያዝዛል (የባንክ ብድር የሚመራው በሌላ ደንብ ነው)። እንግዲህ በአፍ እንደ ተነገረው ቢሆን ውሉ ከሕጉ ወሰን አላለፈም።

ጐደሎው የት ነው ቢሉ፥ ገበሬው 1000 ብሩን 5 ወር ሙሉ በእጁ አልያዘም። ጥቅምት 1 ቀን አብዛኛውን የ210 ብር ክፍያ ከዋናው መለሰ፤ በኅዳርም እንዲሁ። ወለዱ ግን እስከ መጨረሻው ወር ድረስ በ1000 ብር ላይ ታስቦበታል። በእጁ የሌለውን ገንዘብ ወለድ ከፈለ ማለት ነው። እውነተኛው የወር ወለድ ስንት ነው? ከመቶ ያለውን ወለድ በ1 ላይ ጨምረን ያንን ቍጥር ቀ ብንለው፥ ዕዳው በየወሩ በቀ ይባዛል፥ ከዚያም 210 ይቀነሳል፤ ከ5 ወር በኋላም ምንም መቅረት የለበትም። ይህ ሲጻፍ

1000 ቀ⁵ − 210 ቀ⁴ − 210 ቀ³ − 210 ቀ² − 210 ቀ − 210 = 0

ይሆናል፤ አምስተኛ ደረጃ ነው። መምህሩ ይህን እኩልታ ለትላልቆቹ ተማሪዎች ብቻ ያሳይ። ለታናናሾቹና ለሽማግሌዎች ግን ፊደል ሳያስፈልግ፥ መዝገብ እንደሚይዝ ጸሐፊ ወሩን በተራ እየጻፉ መሥራት ይበቃል።

በመጀመሪያ አበዳሪው የተናገረውን፥ በወር ከመቶ 1፥ እውነት ነው ብለን እንፈትነው።

ጥቅምት፤ 1000 ከነወለዱ 1010፤ 210 ሲከፈል ቀሪ 800
ኅዳር፤ 808፤ ቀሪ 598
ታኅሣሥ፤ 603.98፤ ቀሪ 393.98
ጥር፤ 397.92፤ ቀሪ 187.92
የካቲት፤ 189.80፤ 210 ሲከፈል 20.20 ብር በትርፍ ተከፍሏል

ወለዱ በእውነት ከመቶ 1 ቢሆን ኖሮ ገበሬው 20 ብር ከ20 ሳንቲም አብልጦ ከፍሏል ማለት ነው። ስለዚህ 1 አነሰ። እንግዲህ 2ን እንፈትን።

ጥቅምት፤ 1020፤ ቀሪ 810
ኅዳር፤ 826.20፤ ቀሪ 616.20
ታኅሣሥ፤ 628.52፤ ቀሪ 418.52
ጥር፤ 426.89፤ ቀሪ 216.89
የካቲት፤ 221.23፤ 210 ሲከፈል 11.23 ብር ዕዳ ቀረ

አሁን ዕዳ ቀረ፤ 2 በዛ። እውነተኛው በ1 እና በ2 መካከል ተያዘ። ይህ መያዝ የሥራው ሁሉ መሠረት ነው፤ ሌባ በሁለት በር መካከል እንደ ተዘጋበት፥ ከዚህ ወዲያ ማምለጫ የለውም።

የሚቀጥለው መካከሉን ማጥበብ ነው። አንደኛው መንገድ ማጋመስ ነው። 1.5 ሲፈተን 4.69 ብር ትርፍ ይከፈላል፤ ስለዚህ እውነተኛው በ1.5 እና በ2 መካከል ነው። የነዚህ መካከል 1.75 ሲፈተን 3.22 ብር ዕዳ ይቀራል፤ ስለዚህ ከ1.75 በታች ነው። 1.625 ሲፈተን 75 ሳንቲም ትርፍ ይከፈላል። እንዲህ እያሉ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ባጋመሱ ቍጥር መካከሉ በግማሽ ይጠባል፤ 10 ጊዜ ቢያጋምሱ ከመጀመሪያው አንድ ሺሕኛ አይሞላም። ለአገራችን ሰው ማጋመስ እንግዳ አይደለም። አንደኛውን ቍጥር እያጋመሱ ሁለተኛውን እያጠፉ የሚያባዙበትን ዘዴ በውጭ አገር የሚታተሙ የሒሳብ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ማባዛት ብለው ይጠሩታል።

ሁለተኛው መንገድ ይፈጥናል። በ1 ስሕተቱ 20.20 ወደ አንድ ወገን ነው፤ በ2 ስሕተቱ 11.23 ወደ ሌላው ወገን ነው። ከአንዱ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 31.43 ይሆናል። እውነተኛው ነጥብ ይህን ርቀት በዚሁ መጠን ይከፍለዋል ብለን ብንገምት፥ 20.20 ለ31.43 ሲካፈል 0.64 ስለ ሆነ፥ አዲሱ ግምት 1.64 ነው። 1.64 ሲፈተን 28 ሳንቲም ትርፍ ይከፈላል፤ 1.65 ሲፈተን 4 ሳንቲም ዕዳ ይቀራል። 4 ሳንቲም ለገበሬውም ለአበዳሪውም ምንም ስለ ሆነ ሥራው በዚህ ይቁም። ሁለት ሐሰተኛ ግምት አስቀምጦ እውነተኛውን ከስሕተታቸው የማውጣቱ ዘዴ በዐረብ ሊቃውንት ዘንድ ከጥንት የታወቀ ነው።

እንግዲህ የወሩ ወለድ ከመቶ 1.65 ነው፤ በ12 ሲባዛ በዓመት 19.80 ይመጣል። ከሕጉ ወሰን፥ ከ12፥ እጅግ ያለፈ ነው። ይህን ያህል ሥራ ሳይሠራ በልቡና ማረጋገጥ ለሚፈልግ ሽማግሌ አጭር መንገድ አለ። ዕዳው በመጀመሪያው ወር 1000፥ በሁለተኛው 800፥ ከዚያም 600፥ 400፥ 200 ያህል ነው፤ መካከለኛው 600 ነው። ገበሬው በየወሩ 10 ብር ወለድ ይከፍላል፤ 10 ከ600 ደግሞ ከመቶ 1.67 ነው። ይህ ግምት ከተፈተነው መልስ ጋራ በጣም መቅረቡን ተመልክቶ፥ መምህሩ ለተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ግምት በማስተዋል መምረጥ የሥራውን እኩሌታ እንደሚያስቀር ያስረዳ። አበዳሪውን ሁሉ አታላይ ነው ማለትም አይገባም፤ ብዙው ከአባቱ እንደ ሰማው ያሰላል እንጂ እርሱም ይህን አያውቅም። የሚያስታርቀው ሽማግሌ ግን ሊያውቅ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሁለቱም ወገኖች ውሉን ይዘው የሚመጡት ወደ እርሱ ነው።

ከቡናው ወደ ማሩ እንለፍ፤ በዚህ ሕጉ የሚታጣበት ምክንያት ሌላ ነው። ሚዛን በሌለበት ስፍራ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ተጋድሞ፥ ማሩ በውስጡ በዘንግ ይለካ እንበል። የበርሜሉ ወርድ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ዘንጉ 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቢነከር፥ 15 የ60 ሩብ ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ሩብ በርሜል ማር ነው ይላል። አይደለም። ክቡ ከታች ጠባብ ስለ ሆነ በዚያ ጥልቀት ያለው ከመቶ 20 አይሞላም፤ 39 ሊትር ያህል ነው። ገዥው የ50 ሊትር ከፍሎ 11 ሊትር ማር ይጐድልበታል። በበርሜሉ አፍ በኩል ወደ ላይ ሞልቶ ሩቡ ብቻ ባዶ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ሻጩ ነው የሚጐዳው።

እውነተኛው ሩብ በስንት ጥልቀት ነው? ከክቡ መካከል ወደ ማሩ ገጽ ሁለት ዳርቻ መስመር ሲሰመር በመካከላቸው የሚፈጠረው ማእዘን በራዲያን ቢለካ፥ እኩልታው እንዲህ ነው፤ ማእዘኑ ሲቀነስ የማእዘኑ ሳይን 1.5708 ይሆናል። ያልታወቀው ማእዘን በአንድ በኩል ራሱ ቆሟል፥ በሌላ በኩል በሳይን ውስጥ ተደብቋል፤ ስለዚህ ብቻውን ሊለይ አይችልም። ነገር ግን ማእዘኑ ከ1.5708 እና ከራሱ ሳይን ድምር ጋራ እኩል ነው ብለን ገልብጠን ብንጽፈው፥ ግምቱ ራሱ የሚቀጥለውን ግምት ይወልዳል። 2 ብለን ብንጀምር፥ የሳይን ሰንጠረዥ ወይም የእጅ መቍጠሪያ መኪና የያዘ ተማሪ በተራ 2.48፥ 2.19፥ 2.39፥ 2.26፥ 2.35፥ 2.29 ያገኛል። ቍጥሮቹ አንድ ጊዜ ከላይ አንድ ጊዜ ከታች እየዘለሉ፥ እንደ ቆመች የፔንዱል ፍሬ 2.31 ላይ ያርፋሉ። ከዚህም ጥልቀቱ ሲወጣ 17.9 ሴንቲ ሜትር ነው። ዘንጉ ላይ የሩቡ ምልክት የሚቈረጠው በ15 ሳይሆን በ18 አጠገብ ነው።

የዚህን እኩልታ አምሳያ ከተጋጠሙት አንዱ ጀርመናዊው የከዋክብት ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር ነው። ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ የሚሄዱበትን ሕግ በ1609 ሲያሳትም፥ ፕላኔቷ በተወሰነ ቀን የምትገኝበትን ስፍራ ለማወቅ ማእዘንና የማእዘኑ ሳይን የተደባለቁበት እኩልታ መጣበት፤ በመሞከርና በማቅረብ ይፈታው ነበር። እስከ ዛሬም ድረስ የሰማይ አካላትን መንገድ የሚያሰሉ ሰዎች የሚፈቱት እንዲሁ ነው። የሚያስገርመው ይኸው ሰው የበርሜልም ሊቅ መሆኑ ነው። በ1613 ለሠርጉ የወይን ጠጅ ሲገዛ፥ ነጋዴው ያለ ምንም ስሌት ዘንግ ብቻ በበርሜሉ ቀዳዳ አግድም ነክሮ ዋጋውን ሲነግረው አይቶ፥ ነገሩ ስላልዋጠለት በ1615 ስለ ወይን በርሜሎች ልክ መጽሐፍ አሳተመ።

ሳይን ለማያውቅ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ 50 ሊትር ውሃ ለክቶ ወደ ተጋደመው በርሜል አፍስሶ ዘንጉ የረጠበበትን ቦታ በቢላ መቍረጥ። ይህም እኩልታን በቍጥር ከመፍታት አይለይም፤ ውሃው ሒሳቡን ሠርቶለታል።

የማቅረቡ ዘዴ ሕግ ባለበትም ስፍራ ይጠቅማል። አራት ማእዘኑ እኩል የሆነ 2000 ካሬ ሜትር መሬት ለመከለል ጐኑን ማግኘት ቢያስፈልግ፥ 45 ነው ብለው ይገምቱ፤ 2000 ለ45 ሲካፈል 44.44 ነው፤ የሁለቱ መካከል 44.72 ነው። አንድ ዙር ብቻ በቂ ሆነ፤ 44.72 በራሱ ሲባዛ 1999.88 ይመጣልና። ይህን የእስክንድርያው ሄሮን በአንደኛው ምእት ዓመት አስተምሮታል።

መምህሩ ሊያስጠነቅቃቸው የሚገባ ጥቂት ነገሮች አሉ። ስሕተቱ በአንዱ ግምት ወደ ላይ በሌላው ወደ ታች መሆኑ መልሱ በመካከል እንዳለ የሚያስረዳው፥ ነገሩ ሳይዘል ቀስ በቀስ የሚለወጥ እንደ ሆነ ብቻ ነው። 1ን ባልታወቀ ቍጥር ብናካፍል፥ ቍጥሩ ከዜሮ በታች ሲሆን ውጤቱ ከዜሮ በታች፥ በላይ ሲሆን በላይ ነው፤ በመካከሉ ግን ዜሮ የሚሆንበት ስፍራ የለም፤ ይዘላል። በብድሩ ምሳሌ እንዲህ ያለ አደጋ የለም፤ ወለዱ ትንሽ ሲጨምር የመጨረሻው ቀሪ ዕዳም ትንሽ ይጨምራል፥ ወደ ኋላም አይመለስም፤ ስለዚህ ከአንድ በላይ መልስ ሊኖር አይችልም። ተበዳሪው በመካከል ከፍሎ እንደ ገና የሚበደርበት ውል ከሆነ ግን ሁለት መልስ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ነገሩን በቍጥር ብቻ መቍረጥ አይገባም። ኮምፒዩተርም ቢሆን የሚሰጠው አንዱን ነው፤ የትኛውን እንደሚሰጥ የሚወስነው መነሻ ሆኖ የተሰጠው ግምት ነው፥ ስለ ሌላው አይናገርም። ደግሞም መዝገቡ በሳንቲም እየተጠጋጋ የተያዘ ስለ ሆነ፥ ወለዱን ከነጥብ በኋላ እስከ ስድስት አኃዝ ድረስ መጻፍ ባዶ ትምክህት ነው።

ለመለማመጃ ይህ ይሰጥ። ሌላ ገበሬ 1000 ብር ተበድሮ፥ በወር ከመቶ 1 ነው ተብሎ፥ በ10 ወር ውስጥ በየወሩ 110 ብር ሊከፍል ተዋዋለ። ተማሪዎቹ በሁለት ወገን ተከፍለው፥ አንዱ ወገን 1ን፥ ሌላው 2ን በመዝገብ ይፈትኑ፤ ስሕተታቸውንም አገናኝተው ሦስተኛውን ግምት ያውጡ። ከ1.77 አጠገብ ከደረሱ ሥራቸው ቀንቷል። ከዚያም በዓመት ስንት እንደሚሆን አስልተው፥ ከአምስት ወሩ ውል ጋራ ያስተያዩት።